ለድመቱ ጠበቃ፣ ለጭልፊቷ ምስክር፦ ከጎባ እስከ ምን አለሽ ተራ

ከተመለስኩ ወዲህ ጎባ ላይ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ «መርካቶ ምን ይመስላል?» ይለኛል። መልሴ አንድ ነው። የሮቤን ገበያ ሰው በሙሉ ሰብስብና አንድ ጠባብ መንገድ ላይ አቁመው፤ ለግማሹ ሸክም፣ ለግማሹ መዶሻ ስጥ፤ ከዚያ ሁሉንም በአንድ አፍ «ዞር በል!» እንዲሉ እዘዛቸው። እሱ ነው መርካቶ። ቀሪውን ልንገራችሁ፣ እናንተ በመንገድ ከመድከም ትድናላችሁ።

የሄድኩት ለንግድ አይደለም፤ ለሕክምናም አይደለም። ለአንድ ድመት ጥብቅና ልቆም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የባለቤቴ አጎት ጋሼ ዘርጋ ምን አለሽ ተራ ውስጥ ከውዳቂ ብረት የከሰል ምድጃ ይሠራሉ። ከጎናቸው ባዶ በርሜልና ጄሪካን የሚሸጡ ሐጂ ነስሩ አሉ። ሐጂ ከሱቃቸው ጣሪያ ላይ እርግብ ያረባሉ። ሁለቱ ሰዎች ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ጾምና ሥጋ ካልለያቸው በቀር፣ ምሳ ከአንድ ትሪ የበሉ ናቸው። ታዲያ በቅርቡ እርግቦቹ አንድ በአንድ መጥፋት ጀመሩ። ሐጂ «የአንተ ድመት ነው» አሉ። ጋሼ ዘርጋ «የእኔ ድመት ወንበር ላይ ለመውጣት እንኳ ሰው ይጠራል» አሉ። ቃል ቃልን ወለደና ሐጂ በሁለቱ ሱቆች መካከል የቆርቆሮ ግድግዳ አቆሙ። ምሳውም ቀረ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ነገሩን ለቅዳሜ ቀጠሩ፤ ድመቱ ጥፋተኛ ከሆነ ከሰፈር ይወጣል። ጋሼ ዘርጋም እንዲህ ሲሉ ደወሉልኝ፦

«አንተ የወፍ መምህር አይደለህ?»

«የባዮሎጂ ነኝ ጋሼ።»

«ያው ነው። ወፍ ባዮሎጂ ውስጥ የለም?»

«አለ።»

«እንግዲያው ቶሎ ና። እርግቦቹን የሚበላው ድመት ሳይሆን ሰማይ ላይ ያለ ነገር ነው። አንድ ቀን እንደ ድንጋይ ሲወርድ አይቼዋለሁ። ግን የብረት ቀጥቃጭ ቃል ማን ይሰማል? የተማረ ሰው አምጣ ተባልኩ።»

አንድ ነገር ልናዘዝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ስለ ጭልፊት አስተምሬያለሁ። ሳነቴ አምባ ላይ ገደል አፋፍ ተቀምጣ፣ ንፋስ ላይ ተንሳፋ፣ ብዙ ጊዜ አይቻታለሁ። ክንፏን አጥፋ ከሰማይ ስትወረወርና ስትመታ ግን አንድም ቀን አላየሁም። ተማሪዎቼ ይህን አያውቁም። ስለዚህ የአጋማሽ ዓመት ዕረፍቱ ሲመጣ ባለቤቴ ብዙም መለመን አላስፈለጋትም።

ማክሰኞ

ጎባን በአውቶቡስ የለቀቅነው ገና ብርዱ ጆሮ በሚቆርጥበት ሰዓት ነው። ጭኔ ላይ የትምህርት ቤቱን የሩቅ ማያ ባይኖኩላር ይዣለሁ፤ ርእሰ መምህሩ ሦስት ቦታ አስፈርመውኛል። ዲንሾን በሰላም አለፍን። ዶዶላ መግቢያ ላይ አንድ አህያ መንገድ ለመሻገር አሰበና መሃል ላይ ሐሳቡን ለወጠ። ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ ባይኖኩላሩ ከጭኔ ተነስቶ ከፊት ያለውን ወንበር ብረት መታ። ሳነሳው ግራ ዓይኑ ጠፍቷል።

አሰላ ለምሳ ወረድን። ያዘዝኩት ተጋቢኖ እየፈላ ሲቀርብና ሾፌሩ ጥሩንባ ሲነፋ አንድ ሆነ። ሦስት ጉርሻ በፍጥነት ዋጥኩ። ምላሴ ተላጠ። ቃሊቲ መናኸሪያ ስደርስ «ጭልፊት» የሚለውን ቃል በትክክል ማለት የማልችል የጭልፊት ምስክር ነበርኩ።

ከቃሊቲ ወደ መርካቶ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት አጠገብ ተቀመጥኩ። ወያላውን ልጠይቅ ዞር ብዬ «ምን አለሽ…» ከማለቴ ሴትየዋ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አጣብቀው «ምንም የለኝም!» ብለው ጮኹ። «ተራ! ምን አለሽ ተራ ነው የምፈልገው!» እስክል ድረስ ታክሲው በሙሉ እኔን ያይ ነበር። ሴትየዋ ግን ነገሩ ሲገባቸው እየሳቁ ከእኔ ጋር ወርደው እስከ ሰፈሩ አፍ ድረስ መሩኝ። «ኪስህን ያዝ። ቀና ብለህ አትሂድ፤ ቀና የሚል ሰው እንግዳ መሆኑ ይታወቃል» አሉኝ። እኔ ደግሞ የመጣሁት ቀና ብዬ ልከርም ነው።

የጋሼ ዘርጋ ባለቤት እትዬ ስንዱ በቆጮና በክትፎ ተቀበሉኝ። ማደሪያዬ ከሱቁ በላይ ያለው ቆጥ ነው፤ መሰላሉ የተሠራው ከአሮጌ የአልጋ ብረት ነው። ስወጣ ፍራሹ ላይ አንድ ሰፊ ግራጫ ድመት ተጋድሟል። አንድ ጆሮው የተቀደደ ነው። ስሙ ሻምበል ይባላል። ደንበኛዬ መሆኑ ነው። ከላይ እስከ ታች ገመገመኝና ከፍራሹ አንድ አራተኛውን ለቀቀልኝ።

ረቡዕ

ጎባ ሰው የሚቀሰቅሰው ዶሮ ነው። ምን አለሽ ተራ መዶሻ ነው። አንዱ ሲጀምር ሌላው ይከተላል፤ ቁርስ ሳይቀርብ ሰፈሩ በሙሉ ይቀጠቀጣል። ሰዎቹ በጩኸቱ ውስጥ ተራ ወሬ ያወራሉ። እኔ «ደህና አደራችሁ» ለማለት ሁለት ጊዜ ጉሮሮዬን ጎዳሁ።

ጋሼ ዘርጋ የተሰበረውን ባይኖኩላር አይተው «ይኼ ነው እንዴ ያስጨነቀህ?» አሉና ከሦስት ጎረቤቶች ጋር ከበቡት። ልከለክል ብል ማን ሰምቶኝ? ከምሳ በፊት ፈቱት፣ ተጨቃጨቁበት፣ ገጠሙት። የግራው ዓይን አሁን ከቲማቲም ቆርቆሮ በተቆረጠ ቀለበት ተይዟል። እውነቱን ለመናገር ከቀድሞው የተሻለ ያሳያል፤ ቲማቲም ቲማቲም ይሸታል እንጂ።

ከሰዓት መንገዱ ጥግ ቆሜ ከፊት ለፊት ያለውን ያልተጠናቀቀ ዘጠኝ ፎቅ ማየት ጀመርኩ። ጎባ ውስጥ ወፍ ስመለከት ሰው «መምህር ጀመራቸው» ብሎ ያልፋል። መርካቶ አንድ ሰው ቀና ካለ መቶ ሰው ቀና ይላል። «ምን ታየ?» «ሰው ሊወድቅ ነው?» «ፎቁ ዘመመ እንዴ?» አንዱማ «ጨረቃ ታየች?» አለ፤ በጠራራ ፀሐይ! ተሸካሚዎች ቆሙ፤ ጋሪ ከጋሪ ተላተመ፤ አንዲት የባልዲ ነጋዴ ገበያዬን ዘጋህብኝ ብላ ባልዲ አነሳችብኝ።

በዚህ መሃል የፎቁ ጥበቃ አቶ ደበበ ክንዴን ያዙኝ። ቀጭን፣ ኮታቸውን እስከ አንገት የቆለፉ ሰው ናቸው።

«የማንን ፎቅ ነው የምትሰልለው?»

«ጭልፊት ነው የምፈልገው» አልኩ፤ በተቃጠለው ምላሴ «ችልፊት» ሆነና ወጣ።

«ማን?»

«ወፍ! እርግብ የምትበላ ወፍ!»

ክንዴን ለቀቁኝ። ፊታቸው ተለወጠ። «ደረቷ ነጣ ያለ? ራሷ ላይ ቀላ ያለ ቆብ ያደረገች የምትመስል? ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ናት። ጎረቤቴ ናት እኮ!» አሉኝ። ለወራት ሲያይዋት ከርመው የሚያወሩት ሰው አጥተው ነበር። የሥራ ፈረቃቸው ዓርብ ጠዋት ሲመቻቸው ወደ ላይ ሊያወጡኝ ቃል ገቡ።

ሐሙስ

እትዬ ስንዱ ጥብስ በእንጀራ ጠቅልለው ሰጡኝና ይዤው ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ከቆርቆሮው ግድግዳ ማዶ ሐጂ ነስሩ እግራቸው ላይ አረንጓዴ ክር የታሰረላቸውን እርግቦቻቸውን ጥሬ ያበላሉ። ነጭ ጢማቸው የተበጠረ፣ ድምፃቸው ለስላሳ ሽማግሌ ናቸው። ሰላምታ ሰጠኋቸው።

«እርስዎ ነዎት ለድመቱ የመጡት መምህር?» አሉኝ፤ በአንቱታ የተጠቀለለ ቁጣ ነበር።

ዕድሉን ተጠቀምኩ። ጭልፊት ማለት እንዲህ እንዲህ ናት ብዬ ጀመርኩ። አየር ላይ አንድ ቦታ ቆማ እያንዣበበች ሣር ውስጥ አይጥ የምትፈልግ ትንሽዬ አለች። ራሷ ጥቁር፣ ጉንጯ ላይ እንደ ጢም ጥቁር መስመር ያላት አለች፤ ስትወረወር በሰዓት ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ የምትበር፣ በዓለም ላይ የሚስተካከላት እንስሳ የሌለ። የዚህኛው ፎቅ ጭልፊት ግን ባለ ቀይ ቆቧ ዘመዷ ናት።

«ታዲያ ይቺ ኦሪጅናሏ አይደለችማ» አሉ ሐጂ፤ «ኮፒ ናት።»

«ሁለቱም ኦሪጅናል ናቸው ሐጂ።»

«መርካቶ ውስጥ እንደዚህ የሚል ሰው አይታመንም።»

እኔም ጋል አልኩ። «ዋናው ነገር ጨዋነቷ ነው! የሞተ አታነሳም፤ የሰው ምግብ አትነካም፤ እያደነች በክብር ነው የምትበላው…» እያልኩ እጄን ወደ ሰማይ ስዘረጋ ከኋላዬ አንድ ነገር «ሽው» አለና ጥብሱ ከነእንጀራው ሄደ። ጣቴ ደማ።

ሐጂ የምትሄደዋን ወፍ በዓይናቸው ሸኙ። «ይቺስ?»

«ይቺ ጭላት ናት። ጭራዋን አዩት? መሃሉ የተሰነጠቀ ነው። ጭልፊት አይደለችም።»

«ለጣትህ ልዩነት አለው?»

ከዚህ በኋላ አንቱታው ቀረ። ሐጂ መሰላላቸውን በቆርቆሮው ላይ አሻግረው ሱቃቸው አስገቡኝ፤ እጄን በገዛ እጃቸው አጥበው በንጹሕ ጨርቅ አሰሩልኝ፤ ሻይ በቅርንፉድ አጠጡኝ። የመጀመሪያዎቹን ጥንድ እርግቦች ሟች ባለቤታቸው እንዳመጡላቸው ያኔ ነገሩኝ። «ከዘርጋ ጋር በእርግብ የተጣላሁ ይመስልሃል?» አሉ። «አራተኛዋ የጠፋች ዕለት ሄጄ ነገርኩት። ሳቀ። ለድመት ያን ያህል የሚከራከር ሰው ለእኔ አንዴ ‹አይዞህ› ቢለኝ ምን ነበረበት?»

ስለዚህ ነገር ምንም መጽሐፍ አላነበብኩም።

ዓርብ

አቶ ደበበ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ዘጠኝ ፎቅ በእግራችን ወጣን። ሊፍቱ ገና አልገባም። እኔ የባሌ ሰው፣ ተራራ ላይ ያደግኩ፣ ስድስተኛው ላይ ቁጭ አልኩ። እሳቸው በቀን ሦስቴ ይወጡታል።

ጭልፊቷ ዘጠነኛው ፎቅ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከእኛ ሃያ እርምጃ ብትርቅ ነው። በቲማቲሙ ዓይን አየኋት። ዓይኗ ትልቅና ጥቁር፤ ከሥሩ የፀሐዩን ነጸብራቅ የሚቀንስላት ጠቆር ያለ መስመር። ከላይኛው መንቁሯ ጎን የእርግብ አንገት የምትቆርጥበት ጥርስ መሳይ ሹል። መርካቶን ከላይ ወደ ታች ታያለች፤ ዕቃ የሚመርጥ የጅምላ ነጋዴ እንጂ ወፍ አትመስልም። ከዚያ ተነስታ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወዳለበት አቅጣጫ ሄደች፤ ሳትቸኩል፣ ሳትወረወር።

የተቀመጠችበት ቦታ በላባ ተሞልቷል። ክንፎች ከደረት አጥንት ጋር እንደተያያዙ ቀርተዋል፤ የጭልፊት አበላል ነው። ላባዎቹ ከሥራቸው ተነቅለዋል እንጂ አልተቆረጡም። ድመት ቢሆን የላባውን አገዳ በጥርሱ ያኝከው ነበር። አንድ እግር ላይ ደግሞ አረንጓዴ ክር ታስሯል።

ሁሉንም በፌስታል ይዤ ወረድኩ። ሐጂ ከጁምዓ ሲመለሱ ግድግዳው አጠገብ ዘርግቼ አገዳው እንዳልታኘከ አሳየኋቸው፤ ጋሼ ዘርጋና እትዬ ስንዱም በወዲህ በኩል ቆሙ። ሐጂ ክሩን አንስተው ወደ ብርሃን አዞሩት።

«ክሩ የእኔ ነው» አሉ። «ግን ፎቁ ደረጃ አለው አይደል?»

«አለው።»

«የዘርጋ ድመት ደረጃ ያውቃል።»

ጋሼ ዘርጋ መዶሻቸውን ወረወሩ። እኔ ነገሩን ላብርድ ብዬ ወደ ሳይንስ ሸሸሁ፤ ከጭልፊት ሴቷ ከወንዱ እንደምትበልጥና እንደምትበረታ ነገርኳቸው። እትዬ ስንዱ «ይኼን ለማወቅ ዘጠኝ ፎቅ ወጣህ?» አሉኝ።

ቅዳሜ

አምስት ሽማግሌዎች በርሜል ላይ ተቀመጡ። ለእነሱ የተዘጋጀው ጥብስ በትሪ ተሸፍኖ ከኋላቸው ተቀምጧል። የሰፈሩ ሰው በሙሉ ከቧል፤ አቶ ደበበም ፈቃድ ጠይቀው መጥተዋል። ሻምበል ጋሼ ዘርጋ ጭን ላይ ተቀምጦ ያዛጋል።

ላስረዳ ተነሳሁ። ሰሌዳ ስፈልግ ጋሼ ዘርጋ አንድ ትልቅ ላሜራ ግድግዳው ላይ አቆሙልኝ። ጠመኔ ከኪሴ አይጠፋም። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ለሐጂ «እስቲ እርግቦቹን ልቀቃቸው፤ እንደ ወትሮው ይብረሩ፤ ያለ ነገር ካለ ይታያል» አሉ። ሐጂ እያቅማሙ ጣሪያ ላይ ወጥተው የእርግቦቹን ቤት በር ከፈቱ፤ እርግቦቹ ተነሱ።

እኔ ሥዕሉ ላይ ነኝ። ሕንፃውን ሣልኩ። እርግቧን ሣልኩ። «መጀመሪያ ከፍ ትላለች» አልኩ፣ ምላሴ ድኖልኛል፤ «ከእርግቦቹ በላይ፣ ዓይናቸው ከማይደርስበት። ከዚያ ክንፏን ታጥፋለች፤ እንዲህ፣ እንደ ውኃ ጠብታ። አፍንጫዋ ውስጥ ንፋሱን የምታበርድበት ትንሽ አጥንት አለች፤ ባይኖራት መተንፈስ አትችልም ነበር። ስትደርስ በጥፍሯ…»

ከኋላዬ «ወይኔ!» የሚል ድምፅ ተነሳ። አንዱ «ሱብሃነላህ!» አለ፤ ሌላዋ የራጉኤልን ስም ጠራች። ደስ አለኝ። ሃያ ዓመት ሳስተምር ክፍሉ እንዲህ ገብቶት አያውቅም።

«ቆዩ» አልኩ፣ ጠመኔውን ሳላነሳ፤ «ገና አልጨረስኩም።»

ከዚያ አንድ የማላውቀው ነገር ሰማሁ፦ ጸጥታ። በሰፈሩ ውስጥ አንድም መዶሻ አይመታም። ዞር ስል ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ ሰማይ ያያል። ነጫጭ ላባ እየተንሳፈፈ በሽማግሌዎቹ ራስ ላይ ይወርዳል። ዘጠነኛው ፎቅ አጠገብ አንዲት ጥቁር ነጥብ፣ ከሥሯ የተንጠለጠለ ነገር ይዛ፣ ታጠፈችና ጠፋች።

«አየኸው መምህር?» አሉ አቶ ደበበ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ።

አላየሁም። አራት መቶ ምናምን ኪሎ ሜትር አቋርጬ መጥቼ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ጀርባዬን የሰጠሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሁሉም በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመረ። ሐጂ ከጣሪያው ወረዱ። ሰው ሁሉ ሐጂ ይጮሃሉ ብሎ ጠብቆ ነበር። «ሠላሳ ዓመት መርካቶ ስኖር ብዙ ሌባ አይቻለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «እንደዚህ ያለ ባለሙያ ግን አላየሁም።» ጋሼ ዘርጋ ተነስተው ወደ እሳቸው ሄዱ። የሚናገሩትን ለመስማት ጆሮዬን ቀሰርኩ።

«ነስሩ፣ አይዞህ» አሉ። «ቆንጆ እርግብ ነበረች።»

ሐጂ ወደ ቆርቆሮው ዞሩ። የግድግዳውን የመጀመሪያ ሚስማር በእጃቸው ሊነቅሉ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ጋሼ ዘርጋ ጉጠት አመጡ።

ሽማግሌዎቹ ሻምበል ነፃ መሆኑን ተናገሩ። ሊመርቁ ሲነሱ ግን የጥብሱ ትሪ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ሰው ሁሉ ቀና ባለበት ሰዓት ተከሳሹ ዝቅ ብሎ ነበር። ሰብሳቢው «ይኼ ሌላ ክስ ነው» ብለው ዘጉት።

እኔ በርሜል ላይ ተቀምጬ ጠመኔዬን አያለሁ። እትዬ ስንዱ መጡ። «ተነስ፣ ላሳይህ» አሉኝ። ነጠላቸውን ወደ ኋላ ጣሉ፤ ቀኝ እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ፤ ጣታቸውን ገጠሙ፤ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ቆዩ። ከዚያ እጃቸው ወረደና ትከሻዬን መታኝ። ወደ ኋላ ተንገዳገድኩ። «እንደሱ ነው» አሉኝ። «ድምፅ ነበረው። እንዲህ ‹ጧ!› ያለ።» ሃያ ዓመት ካስተማርኩት ይሻላል።

እሑድ

ጠዋት ዕቃዬን ስሸክፍ ካልሲዬ አንዱ ጠፋ። ፍራሹን ከፍ ሳደርግ፣ ሻምበል በሚተኛበት በኩል፣ ካልሲዬን አገኘሁ። ከካልሲው ጋር ደግሞ ሦስት የእርግብ ላባ። አገዳቸው ታኝኳል።

ሻምበል ፍራሹ ላይ ተቀምጦ አየኝ። እኔም አየሁት። አንዷን ላባ ኪሴ ከተትኩ።

ጋሼ ዘርጋና እትዬ ስንዱ አዲስ ምድጃ በካርቶን አሽገው ሰጡኝ። እስከ ቃሊቲ የሸኙኝ ግን ሐጂ ናቸው፤ እንቢ ብል አልሰሙኝም። ታክሲ ውስጥ ስለ ጭልፊቷ ሲያወሩ አላቆሙም፤ ከአጠገባችን ላለው ሰው ሁሉ «የእኔ ሰፈር ጭልፊት» እያሉ ያስተዋውቋታል። አንዱ «ጭላት ማለትዎ ነው?» ቢላቸው ስለ ተሰነጠቀ ጭራ ረጅም ትምህርት ሰጡት።

ሐጂ አውቶቡሱ ውስጥ ገብተው አጠገቤ ተቀመጡ፤ ሊነሳ ሲል ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። መምህር ነኝ፤ ለተማሪ የምሰብከው ነገር አለ። «ሐጂ፣ አንድ የምነግርዎት አለ» ብዬ ላባዋን አወጣሁ። «ይቺ… አገዳዋን ይመልከቱ። እነዚያን ሁሉ የበላቻቸው ጭልፊቷ ናት። አንዷን ግን…»

ሐጂ ላባዋን ከእጄ ወሰዱ። አገላበጡ። ዓርብ ያስተማርኳቸውን በደንብ ይዘውታል፤ አገዳው ላይ ያለውን የጥርስ ምልክት በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያ መልሰው ኪሴ ውስጥ ከተቱልኝና ኪሴን መታ መታ አደረጉት።

«መምህር፣ ትናንት ጭልፊቷ ስትመታ አየሃት?»

«አላየኋትም።»

«እኔም ይኼን አላየሁም።»

«ግን ሐጂ፣ እውነቱ…»

«እውነቱን ለዘርጋ ንገረው፤ ድመቱን ያባርራል። ስንዱ ታለቅሳለች። እነዚያ አምስት ሽማግሌዎች እንደገና በርሜሌ ላይ ይቀመጣሉ። ግድግዳውን ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ የማቆምበት ጉልበት የለኝም።» ጢማቸውን ዳሰስ አደረጉ። «ደግሞ ዛሬ እኮ ምሳ ተቀጣጥረናል።»

ረዳቱ በሩን መታ፤ ሐጂ ቶሎ ብለው ወረዱ። በመስኮት ስመለከት ወያላው «መርካቶ!» የሚልበትን ታክሲ በሩጫ ሲይዙ አየኋቸው፤ ምሳ እንዳያልፋቸው።